ስሙን የቀየረው መጽሐፍ፦ የዶቨር ትምህርት ቤት የዝግመተ ለውጥ ክስ

በአሜሪካ ፔንስልቬኒያ ግዛት፣ ከዋና ከተማዋ ከሃሪስበርግ በስተደቡብ፣ ዶቨር የምትባል የገጠር አካባቢ አለች። ጃንዋሪ 18 ቀን 2005 በዶቨር ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች ለባዮሎጂ ትምህርት ተቀምጠው ሳለ፣ የትምህርት ወረዳው አስተዳደር ሰው ገብተው ከወረቀት ላይ አራት አጫጭር አንቀጾች አነበቡላቸው። ንባቡ ቢበዛ አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። መስማት የማይፈልግ ልጅ መውጣት ይችላል ተባለ። ጥያቄ ግን አይጠየቅም፤ መምህራንም መልስ አይሰጡም። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የማስቀምጠው።)

ወረቀቱ የሚለው ይህን ነበር፦ የግዛቲቱ የትምህርት መመዘኛ የዳርዊንን ቲዎሪ (ሕያዋን በረጅም ዘመን ቀስ በቀስ ተለውጠው መጡ የሚለውን ዝግመተ ለውጥ) እንድትማሩና እንድትፈተኑበት ያዛል። ቲዎሪው ግን ቲዎሪ ነው፤ የተረጋገጠ ሐቅ አይደለም። ማስረጃ ያልተገኘላቸው ክፍተቶች አሉበት። ኢንተለጀንት ዲዛይን ደግሞ ስለ ሕይወት አመጣጥ ከዳርዊን የተለየ ማብራሪያ ይሰጣል። ማወቅ ለሚፈልግ «ኦቭ ፓንዳስ ኤንድ ፒፕል» የተባለ ማጣቀሻ መጽሐፍ ተዘጋጅቷል። ስለ ሕይወት አመጣጥ መወያየቱን ትምህርት ቤቱ ለተማሪዎችና ለቤተሰቦቻቸው ይተወዋል።

ኢንተለጀንት ዲዛይን ማለት ሕያዋን ፍጥረታት እጅግ ውስብስብ ስለሆኑ በተፈጥሮ ሂደት ብቻ ሊገኙ አይችሉም፣ አንድ አዋቂ ነዳፊ ቀርጿቸዋል የሚል ሐሳብ ነው። ነዳፊው ማን እንደሆነ አይናገርም። ክርክሩን ሁሉ የወለደው ይህ ዝምታ ነው።

ወረቀቱን እንዲያነቡ የታዘዙት የባዮሎጂ መምህራኑ ራሳቸው ነበሩ። አናነብም አሉ። ምክንያታቸውን በኋላ እመለስበታለሁ፤ ለእኔ የዚህ ጉዳይ ልቡ እዚያ ነውና።

ይህ የሩቅ አገር ጉዳይ ለምን እንደሚያንገበግበኝ ልናገር። 12ኛ ክፍል እያለሁ የባዮሎጂ መጽሐፋችን የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ላይ ስንደርስ መምህራችን «ይህችን ለፈተና ያዟት፤ ከፈተና በኋላ ጣሏት» አሉን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅሁ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ሃይማኖታቸውን የሚያከብሩ፣ እኛንም የሚወዱ። ነገር ግን ያ ምዕራፍ ምን እንደሚል ሳላውቅ ትምህርት ቤቱን ጨረስኩ። በሐዳር በ1974 የተገኘችው ድንቅነሽ የምትታይበት ብሔራዊ ሙዚየም እኮ አምስት ኪሎ ነው፤ በታክሲ የሚደረስ ቦታ። ምዕራፉን ተምሬ አላምንበትም ብል ኖሮ ሌላ ነገር ነው። እኔ ግን የማምነውንም የማላምነውንም ሳላውቀው ተዘለለብኝ። ከዓመታት በኋላ የዶቨርን ፍርድ፣ 139 ገጹን፣ ሳነብ ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ደጋግማ ትመጣብኝ ነበር።

ወረቀቱ ላይ ብዙ የተሸከመችው ቃል «ቲዎሪ» ናት። እኛም ዘንድ ቃሏ ያው ናት። «እሱ ቲዎሪ ነው፣ ተግባሩን አሳየኝ» እንላለን። መንጃ ፈቃድ ስናወጣ እንኳ የቲዎሪው ፈተና አንድ ነገር፣ መሪ መጨበጡ ሌላ ነገር ነው። በሰፈር ቋንቋ ቲዎሪ ማለት ገና ያልተረጋገጠ፣ በወረቀት ላይ ያለ ነገር ነው። በሳይንስ ግን ንድፈ ሐሳብ የሚባለው በብዙ ማስረጃ ተፈትኖ የቆመ፣ ብዙ ሐቆችን በአንድ ላይ የሚያስረዳ ማብራሪያ ነው። በሽታ በጀርሞች ይመጣል የሚለውም በዚህ ትርጉም ንድፈ ሐሳብ ነው፤ ስለዚህ ግን እጁን መታጠብ የሚተው ሐኪም የለም። የዶቨር ወረቀት አንዱን ቃል በሰፈር ትርጉሙ ወስዶ ለልጆቹ በሳይንስ ክፍል ውስጥ ነገራቸው። ከባዮሎጂው መጽሐፍ ውስጥ ካሉት ንድፈ ሐሳቦች ሁሉ ይህ ማስጠንቀቂያ የተለጠፈበትም ዝግመተ ለውጥ ብቻውን ነበር።

ነገሩ የጀመረው ከንባቡ ሁለት ዓመት ገደማ ቀደም ብሎ ነው። የትምህርት ወረዳው በዘጠኝ ሰዎች ቦርድ ይተዳደራል፤ የቦርድ አባላቱ በአካባቢው ሕዝብ የሚመረጡ እንጂ የትምህርት ባለሙያ መሆን አይጠበቅባቸውም። ከእነሱ አንዱ አለን ቦንሴል ከ2003 ጀምሮ በዝግመተ ለውጥ እንደማያምኑና የፍጥረት ትምህርት እኩል በእኩል፣ ሃምሳ በሃምሳ፣ አብሮ እንዲሰጥ እንደሚሹ ይናገሩ ነበር። ከዚያ ቀደም ሲል፣ በ2002፣ አንድ ተመራቂ ተማሪ ሥሎ ለሳይንስ ክፍሉ የሰጠው የሰው ልጅን ዝግመተ ለውጥ የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ከክፍሉ ተወስዶ ተቃጥሏል። የሥርዓተ ትምህርት ኮሚቴውን ይመሩ የነበሩት ዊልያም ባኪንግሃም ደግሞ በ2004 ክረምት መግቢያ ላይ ለትምህርት ቤቱ የተመረጠውን የባዮሎጂ መማሪያ መጽሐፍ «ከዳር እስከ ዳር በዳርዊን የተለወሰ» ብለው ግዢውን ያዙት። በዚያ ሰሞን በቦርዱ ስብሰባ ላይ የተናገሩት ነገር በአካባቢው ጋዜጦች ወጣ፦ «ከ2,000 ዓመት በፊት አንድ ሰው በመስቀል ላይ ሞቷል። ለእሱ የሚቆም አንድ ሰው እንኳ የለም?»

ይህን ቃል ሳነብ አዘንኩ እንጂ አልተቆጣሁም። ሰውየው የሚያምኑትን ከልባቸው ነው የተናገሩት። ችግሩ የመጣው ይህንኑ እምነት በሌላ ስም ጠቅልለው ለማስገባት በተነሡ ጊዜ ነው።

ኦክቶበር 18 ቀን 2004 ቦርዱ 6 ለ 3 በሆነ ድምፅ ተማሪዎች «በዳርዊን ቲዎሪ ውስጥ ስላሉ ክፍተቶችና ችግሮች፣ ኢንተለጀንት ዲዛይንን ጨምሮ ስለ ሌሎች የዝግመተ ለውጥ ቲዎሪዎችም እንዲያውቁ ይደረጋል» ሲል ወሰነ። የተቃወሙት ሦስቱ ነበሩ፤ ከእነሱም ባልና ሚስት የሆኑ ሁለት አባላት እዚያው ስብሰባ ላይ ሥራቸውን ለቀቁ። ሚስትየዋ ከቦርዱ ባልደረቦቻቸው ቢያንስ ሁለት ጊዜ «ዳግም የተወለድሽ ክርስቲያን ነሽ ወይ?» ተብለው እንደተጠየቁ በኋላ በችሎት መስክረዋል። ለሕዝብ ትምህርት ቤት ቦርድ አባል የሚቀርብ ጥያቄ አይደለም።

መምህራኑ ግን ዝም ብለው አልተቀመጡም። በጃንዋሪ 2005 መጀመሪያ ለአስተዳደሩ ደብዳቤ ጻፉ። የግዛቲቱን የመምህራን የሥነ ምግባር ደንብ ጠቀሱ፤ ደንቡ መምህር የትምህርቱን ይዘት እያወቀ አዛብቶ እንዳያቀርብ ይከለክላል። ከዚያ በትላልቅ ፊደላት ሦስት መስመር ጻፉ፦ ኢንተለጀንት ዲዛይን ሳይንስ አይደለም። ኢንተለጀንት ዲዛይን ባዮሎጂ አይደለም። ኢንተለጀንት ዲዛይን ተቀባይነት ያገኘ ሳይንሳዊ ቲዎሪ አይደለም። ቀጥለውም እኔ የክፍሉ መምህር ቆሜ ይህን ካነበብኩ ተማሪዎቼ ኢንተለጀንት ዲዛይን ከዝግመተ ለውጥ ጋር የሚተካከል ሳይንስ ነው ብለው ማመናቸው አይቀርም፤ ቢያምኑም አይፈረድባቸውም፤ ይህ ግን እውነት አይደለም አሉ።

«ቢያምኑም አይፈረድባቸውም» የምትለው ላይ ቆም እላለሁ። የአሥራ አራት ዓመት ልጅ መምህሩ የነገረውን ያምናል። ማመንም አለበት፤ አለዚያ ትምህርት የሚባል ነገር አይኖርም። እነዚህ መምህራን የልጆቹ እምነት በእነሱ እጅ ያለ አደራ መሆኑ ገብቷቸው ነበር። የገጠር ትምህርት ቤት ደመወዝተኞች ናቸው፤ አሠሪያቸው ያዘዛቸውን ነው እምቢ ያሉት፤ ያኔ ደግሞ ክሱ ገና መሰማት አልጀመረም፣ ፍርድ ቤት ይደግፈናል የሚሉበት ምንም ዋስትና አልነበራቸውም። ከዚህ ጉዳይ የትኞቹን ሰዎች ታከብራለህ ብባል መልሴ እነሱ ናቸው።

ክሱን ያቀረቡት 11 ወላጆች ናቸው፤ ዲሴምበር 14 ቀን 2004። ጉዳዩም በአንደኛዋ ከሳሽ ስም ኪትዝሚለርና የዶቨር አካባቢ ትምህርት ወረዳ ተብሎ ተመዘገበ። ወላጆቹን የወከሉት የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ማኅበር፣ ለሃይማኖትና ለመንግሥት መለያየት የሚሟገት ድርጅትና አንድ ትልቅ የግል የሕግ ቢሮ ሲሆኑ፣ ለቦርዱ የቆመው ክርስቲያናዊ አቋም ያለው የቶማስ ሞር የሕግ ማዕከል ነበር። የክሱ መሠረት የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያው ማሻሻያ ነው፤ መንግሥት ሃይማኖትን እንዳያቋቁም የሚከለክለው። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ንዑስ አንቀጽ 2 ትምህርት ከሃይማኖት፣ ከፖለቲካ አመለካከትና ከባህላዊ ተጽዕኖ ነፃ ሆኖ መካሄድ አለበት ስለሚል ሐሳቡ ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ልጆቻቸውን አሜሪካ በመንግሥት ትምህርት ቤት ለሚያስተምሩ ወገኖቻችን ደግሞ ሕጉ በቀጥታ የእነሱም ነው።

ከዶቨር በፊት ረጅም መንገድ ተሄዷል። በ1925 በቴነሲ ግዛት ዴይተን ከተማ ጆን ስኮፕስ የተባለ መምህር ዝግመተ ለውጥ አስተምረሃል ተብሎ 100 ዶላር ተቀጣ፤ ቅጣቱ በኋላ በሥነ ሥርዓት ጉድለት ተሰረዘ። በ1968 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ዝግመተ ለውጥን ማስተማር የሚከለክሉ ሕጎች ሕገ መንግሥቱን ይጥሳሉ አለ። መከልከሉ ሲያቅት «እኩል ጊዜ ይሰጠን» የሚል መጣ፤ የሉዊዚያና ግዛት ዝግመተ ለውጥ ከተማረ «የፍጥረት ሳይንስ» አብሮ ይማር የሚል ሕግ አወጣች። ይህንንም ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1987 በ7 ለ 2 ድምፅ ሻረው። ይህቺን ዓመት አንባቢ ይያዝልኝ።

ችሎቱ በሃሪስበርግ የፌዴራል ፍርድ ቤት ሴፕቴምበር 26 ቀን 2005 ተከፈተ። የሕዝብ ዳኞች አልነበሩበትም፤ ፈራጁ ጆን ኢ. ጆንስ ሦስተኛው ብቻቸውን ናቸው። ሪፐብሊካን ሲሆኑ በ2002 የሾሟቸው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ደብሊው ቡሽ ናቸው። ስለዚህ ብዙዎች ለቦርዱ ያደላሉ ብለው ጠብቀው ነበር።

የወላጆቹ የመጀመሪያ ምስክር በብራውን ዩኒቨርሲቲ የባዮሎጂ ፕሮፌሰሩ ኬኔት ሚለር ነበሩ። ካቶሊክ አማኝ ናቸው፤ ባኪንግሃም ያገዱትን መማሪያ መጽሐፍ ከጻፉት ሁለት ሰዎችም አንዱ። ካቀረቧቸው ማስረጃዎች አንዱን በአጭሩ ላሳይ። ሰው በሕዋሱ ውስጥ የዘር መረጃ የሚይዙ 46 ክሮች፣ ክሮሞዞሞች፣ አሉት፤ ቺምፓንዚና ጎሪላ 48 አላቸው። የጋራ አያት ካለን ሁለት ክሮሞዞም የት ገባ? ጠፍቶ ሊሆን አይችልም፤ አንድ ሙሉ ጥንድ ክሮሞዞም የጎደለው ጽንስ አይኖርም። ስለዚህ ንድፈ ሐሳቡ ሁለት ክሮሞዞሞች በአንድ ወቅት ጫፍ ለጫፍ ተጣብቀው አንድ ሆነዋል ብሎ ይተነብያል፤ ይህም መመርመር የሚችል ነገር ነው። የክሮሞዞም ጫፍ የራሱ ምልክት አለው፤ ልክ የጫማ ማሰሪያ ጫፉ ላይ እንዳለው ማጠንከሪያ። የሰው ሁለተኛ ክሮሞዞም ሲመረመር የጫፍ ምልክቱ መሐሉ ላይ ተገኘ። ትንቢቱ ሊከሽፍ ይችል ነበር፤ አልከሸፈም። ሳይንስ የሚባለው ይህ ነው፦ ራሱን ለመክሸፍ የሚያጋልጥ ሐሳብ።

ከእሳቸው በኋላ ከቀረቡት መካከል የካቶሊክ የነገረ መለኮት ምሁሩ ጆን ሆት ነበሩ። ስለ ሻይ የተናገሩት ለእኔ ከመላው ችሎት የማይረሳኝ ነው። ውሃው ለምን ይፈላል? ቢባል፣ ሞለኪውሎቹ ስለተነቃነቁ ነው ማለት ይቻላል። ጋዙ ስለተለኮሰ ነው ማለትም ይቻላል። ሻይ ስለፈለግሁ ነው ማለትም ይቻላል። ሦስቱም እውነት ነው፤ አንዱ ሌላውን አያባርረውም። ነገር ግን የፊዚክስ መምህር ስለ መፍላት ሲያስተምር «ሻይ ስለፈለግሁ» የሚለውን ከሞለኪውሉ ጎን አንድ ሌላ የፊዚክስ ቲዎሪ አድርጎ ቢያቀርበው ፊዚክሱንም ያበላሻል፣ የሻዩንም ነገር ያሳንሰዋል። እምነት ያላቸው ሰዎች ወላጆቹን ወክለው የመሰከሩበት ምክንያት በዚህ ይገባል።

የቦርዱ ዋና ምስክር እዚያው ፔንስልቬኒያ ያለው የሊሃይ ዩኒቨርሲቲ የባዮኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ማይክል ቢሂ ነበሩ። የእሳቸው ክርክር በቀላሉ የሚጣል አይመስልም፤ እኔም መጀመሪያ ስሰማው ሳብ አድርጎኝ ነበር። አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሚዋኙበት ጅራት መሰል ነገር አላቸው፤ ሥሩ ላይ እንደ ሞተር ይሽከረከራል። ከክፍሎቹ አንዱን ብትነቅል ሥራውን ያቆማል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ ሊመጣ አይችልም፣ ሙሉ ሆኖ መነደፍ አለበት ይላሉ። ሚለር የሰጡት መልስ ከዚያው ሞተር ክፍሎች ጥቂቶቹ ብቻቸውን ሆነው፣ ሌሎች ባክቴሪያዎች ወደሚያጠቁት ሕዋስ መርዝ የሚወጉበት መርፌ ሆነው ይገኛሉ የሚል ነው። ግማሹ ሞተር እንደ ሞተር አያገለግልም፤ በሌላ ሥራ ግን ያገለግላል።

ከዚያ መስቀለኛ ጥያቄ መጣ። የወላጆቹ ጠበቃ ኤሪክ ሮትስቻይልድ የሰውነት በሽታ ተከላካይ ሥርዓት እንዴት በዝግመተ ለውጥ እንደመጣ የተጻፉ ጽሑፎችን በምስክሩ ፊት ያቀርቡ ጀመር፤ 58 የምርምር ጽሑፎች፣ 9 መጻሕፍት፣ ከመማሪያ መጻሕፍትም በርካታ ምዕራፎች። ቢሂ «በቂ አይደለም» አሉ። በዚሁ መስቀለኛ ጥያቄ ጠበቃው የእርስዎ የቲዎሪ ትርጉም ኢንተለጀንት ዲዛይንን የሚያስገባ ከሆነ ኮከብ ቆጠራንስ ያስገባል? ብለው ጠየቁ። አዎ፣ በዚያ ትርጉም ያስገባል ብለው መለሱ። በሐቀኝነት ነው የመለሱት፤ መልሱ ግን ክርክሩን ጎዳው። ለአንዱ እንግዳ ተብሎ የሰፋው በር ጥንቆላንም ያስገባል ማለት ነውና።

አሁን ወደ መጽሐፉ። የፍልስፍና መምህርቷ ባርባራ ፎረስት የ«ፓንዳስ»ን አሮጌ ረቂቆች ይዘው ቀረቡ፤ ረቂቆቹ ከአሳታሚው በፍርድ ቤት ትእዛዝ የወጡ ናቸው። ከ1987 በፊት የተጻፈው ረቂቅ እንዲህ ይላል፦ ፍጥረት ማለት ልዩ ልዩ የሕይወት ዓይነቶች በአዋቂ ፈጣሪ አማካይነት ድንገት፣ ልዩ መለያቸውን እንደያዙ መጀመራቸው ነው፤ ዓሣ ከነክንፉና ከነቅርፊቱ፣ ወፍ ከነላባዋ፣ ከነምንቃሯና ከነክንፏ። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ውሳኔ ከወጣ በኋላ ያለው ረቂቅ ደግሞ፦ ኢንተለጀንት ዲዛይን ማለት ልዩ ልዩ የሕይወት ዓይነቶች በአዋቂ አካል አማካይነት ድንገት፣ ልዩ መለያቸውን እንደያዙ መጀመራቸው ነው፤ ዓሣ ከነክንፉና ከነቅርፊቱ፣ ወፍ ከነላባዋ፣ ከነምንቃሯና ከነክንፏ። ዓሣውም ያው፣ ወፏም ያቺው። ፍጥረትንና ከሱ የሚወጡ ቃላትን በዚህ መልክ መለወጡ በመጽሐፉ ውስጥ 150 ያህል ቦታ ላይ ተደርጓል።

ከዚህም የባሰ አንድ ቦታ አለ። በእንግሊዝኛው «ክሪኤሽኒስትስ»፣ የፍጥረት ትምህርት አራማጆች፣ የሚለውን አውጥቶ «ዲዛይን ፕሮፖነንትስ»፣ የንድፍ ደጋፊዎች፣ የሚለውን ሊያስገባ የነበረ እጅ የአሮጌውን ቃል ራስና ጭራ ሳይሰርዝ አልፏል። በረቂቁ ላይ የቀረው «ሲዲዛይን ፕሮፖነንትሲስትስ» የሚል፣ በየትኛውም ቋንቋ የሌለ ቃል ነው። የመጽሐፉ ታሪክ በሙሉ በዚያች አንዲት የተሰነቀረች ቃል ውስጥ ይታያል።

የመጻሕፍቱ አመጣጥም ራሱን የቻለ ነገር ሆነ። 60 ቅጂዎች ስማቸው ባልተገለጸ ለጋሾች ለትምህርት ቤቱ ተበረከቱ ተባለ። ባኪንግሃምና ቦንሴል ከችሎቱ በፊት በቃለ መሐላ ሲጠየቁ ለጋሹን አናውቅም የሚል ቃል ሰጥተው ነበር። በችሎቱ ላይ ቼኩ ወጣ፦ 850 ዶላር። ባኪንግሃም በቤተ ክርስቲያናቸው ቆመው ያሰባሰቡት ገንዘብ ነው፤ ቼኩ ላይ የመጽሐፉ ስም ተጽፎበታል። ቼኩን ለቦንሴል ሰጡ፣ ቦንሴል ለአባታቸው ሰጡ፣ አባትየው መጻሕፍቱን ገዙ። ዳኛው ከመቀመጫቸው ሆነው ራሳቸው ቦንሴልን መጠየቅ ጀመሩ፤ ይህን መንገድ መዞር ለምን አስፈለገ? አሉ።

ባኪንግሃም ደግሞ በስብሰባ ላይ ክሪኤሽኒዝም (የፍጥረት ትምህርት) የሚል ቃል ፈጽሞ አልተናገርኩም፣ ጋዜጠኞቹ ፈጥረውት ነው ብለው ነበር። የወላጆቹ ጠበቆች በ2004 ከአካባቢው ቴሌቪዥን ጋር ያደረጉትን ቃለ ምልልስ በችሎቱ አሳዩ። ዳርዊንን ማስተማር ችግር የለውም፣ ግን በሌላ ነገር፣ ለምሳሌ በክሪኤሽኒዝም መመጣጠን አለበት ሲሉ በገዛ ድምፃቸው ይሰማሉ። ካሜራው ሲበራብኝ የመኪና መብራት እንዳደነዘዘው አጋዘን ሆንኩ፣ አፌን ስቼ ነው አሉ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባል የለ፤ በሃሪስበርግ ችሎት ያደረው ስድስት ሳምንት ነበር።

ምስክርነቱ ኖቬምበር 4 ቀን ተጠናቀቀ። በመጨረሻዋ ደቂቃ ከቦርዱ ጠበቆች አንዱ ተነሥተው፣ በእኔ ቆጠራ ዛሬ ችሎቱ ከተጀመረ 40ኛው ቀን፣ ማታም 40ኛው ሌሊት ነው፤ አስበውበት ነው ወይ? ብለው ዳኛውን ጠየቁ። ዳኛው አስገራሚ መገጣጠም ነው፣ ነገር ግን በንድፍ የሆነ አይደለም ብለው መለሱ፤ ስድስት ሳምንት ሲናቆር የቆየው ችሎትም በሳቅ ተነሣ። ከአራት ቀን በኋላ፣ ኖቬምበር 8፣ የዶቨር ነዋሪ ምርጫ ወጣ። ለውድድር የቀረቡት ስምንት መቀመጫዎች ነበሩ፤ ስምንቱንም ፖሊሲውን የሚቃወሙ እጩዎች አሸነፉ። ፍርዱ ገና አልተጻፈም ነበር።

ፍርዱ ዲሴምበር 20 ቀን 2005 ወጣ። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው የዳኛው ቁጣ ነው፤ የቦርዱን ውሳኔ «ትንፋሽ የሚያሳጥር ከንቱነት» ብለውታል፤ ሃይማኖታቸውን በአደባባይ በኩራት የሚናገሩ ሰዎች ዱካቸውን ለማጥፋትና የፖሊሲውን እውነተኛ ዓላማ ለመሸፈን ደጋግመው መዋሸታቸውን ጽፈዋል። እኔ ግን አማኝ የሆነ ወገኔ ሁሉ እንዲያነበው የምፈልገው ሌላ ቦታ አለ። ዳኛው የኢንተለጀንት ዲዛይን ክርክሮች እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፣ በዚያ ላይ ፍርድ ቤቱ አቋም አይወስድም፤ ሳይንስ ግን አይደለም ይላሉ። የእግዚአብሔርን መኖር ወይም አለመኖር አልዳኙም። የዳኙት የክፍሉን በር ነው። ኢንተለጀንት ዲዛይን ከተፈጥሮ በላይ የሆነ ምክንያትን በማስረጃነት ያስገባል፤ ዝግመተ ለውጥ ካልሆነ የግድ ነዳፊ ነው በሚል የሁለት ምርጫ ክርክር ላይ ይቆማል፤ በሳይንስ ማኅበረሰቡም ተቀባይነት አላገኘም አሉ። ከክሪኤሽኒዝም ሥሩም ሊነጠል እንደማይችል የፓንዳስ ረቂቆች አሳይተዋል።

ይህን ፍርድ ከሕግ አንጻር የሚተቹ አሉ፤ አንዳንዶቹ ራሳቸው የዝግመተ ለውጥ ደጋፊዎች ናቸው። የቦርዱ ዓላማ ሃይማኖታዊ መሆኑ ከተረጋገጠ ጉዳዩ እዚያ ያበቃ ነበር፣ ሳይንስ ምን እንደሆነ መወሰን የዳኛ ሥራ አይደለም ይላሉ። ክብደት ያለው ትችት ነው። እኔ ግን ከዳኛው ጋር ነኝ፤ ምክንያቱም ሁለቱም ወገኖች ይህንኑ ጥያቄ ፍረድልን ብለው ሳምንታት ሙሉ ባለሙያ አስመስክረዋል። ወረቀቱን የሰሙት ልጆችም ሊያውቁት የሚገባቸው ይህንኑ ነበር።

አዲሱ ቦርድ ይግባኝ አላለም፤ ጃንዋሪ 3 ቀን 2006 ፖሊሲውን ሻረው። የከሳሾቹ የጥብቅና ወጪ ከ2 ሚሊዮን ዶላር በላይ የነበረ ሲሆን በስምምነት ወደ 1 ሚሊዮን ገደማ ወርዶ ወረዳው ከፈለ። ያንን የከፈሉት ውሳኔውን ያሳለፉት ሰዎች አይደሉም፤ ልጆቹ የሚማሩበት ገንዘብ ነው። ዳኛ ጆንስ የግድያ ዛቻ ደርሷቸው ለተወሰነ ጊዜ ቤተሰባቸው በፌዴራል ማርሻሎች ተጠብቋል። የቴሌቪዥን ሰባኪው ፓት ሮበርትሰን ደግሞ ከምርጫው በኋላ ለዶቨር ሰዎች በአካባቢያችሁ አደጋ ቢደርስ ወደ እግዚአብሔር አትዙሩ፣ ከከተማችሁ አስወጥታችሁታልና ብለዋል። ከእነዚያ ሰዎች ብዙዎቹ እሑድ እሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚሄዱ ነበሩ።

ይግባኝ ስላልተባለ ፍርዱ ለሌሎች ግዛቶች አስገዳጅ አልሆነም። ክብደቱ ግን ርቆ ተሰማ፤ በፌብሩዋሪ 2006 የኦሃዮ የትምህርት ቦርድ ዝግመተ ለውጥን «በጥልቀት ይተቻል» ተብሎ የገባውን ትምህርት ከመመዘኛው አወጣ። ሉዊዚያና በ2008፣ ቴነሲ በ2012 ኢንተለጀንት ዲዛይን የሚለውን ቃል ሳይጠቅሱ መምህራን በዝግመተ ለውጥ ላይ ትችት እንዲያቀርቡ የሚፈቅዱ ሕጎች አወጡ። ዳኛ ጆንስ ከተጠቀሙባቸው መለኪያዎች አንዱን፣ ከ1971 ጀምሮ ሲሠራበት የነበረውን፣ የመንግሥት ተግባር ሃይማኖትን ያራምዳል ወይ ብሎ የሚመዝነውን የሌመን መለኪያ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2022 ትቶታል። ወደፊት የሚመጣ ክስ በሌላ ሚዛን ይመዘናል። ረቂቆቹ፣ ቼኩና የሁለተኛው ክሮሞዞም መሐል ግን በመለኪያው አይለወጡም።

የፍርዱ የመጨረሻ ገጽ ትእዛዝ ነው። የዶቨር ወረዳ ፖሊሲውን ይዞ እንዳይቀጥል ለዘለቄታው ያግዳል፤ መምህራን የዝግመተ ለውጥን ሳይንሳዊ ቲዎሪ እንዲያንቋሽሹ ወይም ኢንተለጀንት ዲዛይን የተባለውን ሃይማኖታዊ አማራጭ እንዲጠቅሱ ማስገደድም ይከለክላል። መምህራኑ በጃንዋሪ 2005 ለአለቆቻቸው በትላልቅ ፊደላት የጻፉት ከአሥራ አንድ ወር በኋላ በዳኛ ፊርማ ተመለሰላቸው።